«ሱቁን ሸጠን ለድሃ እንስጥ»

የዚህ ሳምንት ጠያቂያችን መርካቶ ውስጥ ከባለቤቷ ጋር የጨርቅ ሱቅ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ ስለ ባለጸጋው ጎልማሳ የተሰበከውን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል፤ ሱቁ ተሽጦ ገንዘቡ ለድሆች ይሰጥ ባይ ነው። እሷ ደግሞ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና የምትጦራት እናቷ ያሳስቧታል። «ባልስማማ ገንዘብን ከእግዚአብሔር ማስበለጤ ይሆን?» ስትል ጽፋለች።

አይደለም። የባለቤቷም መንፈሳዊ ቅናት ግን የሚናቅ አይደለም።

ጌታ ያን ጎልማሳ ያለውን ሁሉ እንዲሸጥ አዞታል። ዘኬዎስን ግን እንዲህ አላዘዘውም፤ የቀራጮች አለቃው በራሱ ፈቃድ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። የአርማትያሱ ዮሴፍም ባለጸጋ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ጌታ የተቀበረው እሱ ለራሱ ባስወቀረው መቃብር ነው። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም ስለሚድነው ባለጸጋ በጻፈው ድርሳን፣ ሁሉም ባዶ እጁን ከቀረ የተራበውን ማን ያበላዋል ሲል ይሞግታል።

ባለቤቷ የአባ እንጦንስን ታሪክ ሳያነሳባት አይቀርም። ግብፃዊው ወጣት ይህንኑ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ሰምቶ፣ ከወላጆቹ የወረሰውን ወደ 80 ሄክታር የሚጠጋ ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የቤቱንም ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ለድሆች አከፋፈለ። ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ግን አንድ ነገር አልዘለለም፤ እንጦንስ በመጀመሪያ ለታናሽ እህቱ ጥቂት ገንዘብ አስቀርቶ ነበር። ያን የሰጠው በኋላ ነው፤ እሷንም ለታመኑ ደናግል አደራ አለ። የመነነው እሱ እንኳ እህቱን ሜዳ ላይ አልጣላትም።

ሱቁ ደግሞ የባል ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት በስጦታ ሲሰጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ቅዱስ ጴጥሮስም መሬት ሸጦ ከዋጋው የደበቀውን ሐናንያን፣ መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ እንደነበር፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጁ እንደነበር ነግሮታል፤ የተወቀሰው ስለዋሸ ነው።

ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ምሽት ልጆቹ ሲተኙ የሱቁን ደብተር ይግለጡ። በዱቤ የመጣ ጨርቅ፣ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ዕቁብ ወጥቶላቸው ገና የሚቀር መዋጮ ካለ የሰው ገንዘብ ነውና ቀድሞ ይከፈል። ቀጥሎ አሥራቱ ይውጣ። ከዚያ ለልጆቹና ለእናቷ በወር ስንት እንደሚበቃ እሷ ትጻፍ፤ የሚተርፈው ለማን እንደሚሰጥ እሱ ሐሳብ ያቅርብ። ወረቀቱን ይዘው አብረው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ይሂዱ፤ እስከዚያ ድረስ ሱቁ ለሽያጭ አይቅረብ።