የቤት ኢንሹራንስና የቤት ምርመራ

ኢንሹራንስ ማለት ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው፥ ከመካከላቸው አደጋ የደረሰበትን አንዱን የሚያነሡበት ውል መሆኑን በክፍል ውስጥ ተምረናል። ነገር ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ኢንሹራንስ ሰጪው ቤቱን ስለሚመረምርበት አኳኋን የተማርነው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ ቤት እንዴት እንደሚመረመርና ምርመራውም በማን ዐይን እንደሚደረግ በችሎታዬ መጠን ለማስረዳት አስቤአለሁ። ምሳሌዬን የወሰድሁት ከአሜሪካ አገር፥ ይልቁንም ፍሎሪዳ ከምትባለው ግዛት ነው። በዚያ ምርመራው እጅግ የጠበቀ ከመሆኑም በላይ አክስቴ እዚያው ቤት ገዝተው ስለሚኖሩ፥ የጠየቅኋቸውን ሁሉ ሳይሰለቹ መልሰውልኛል። ዓመታቱን የምጽፈው፥ የኛ ነው ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሎንዶን ከተማ በ1666 በእሳት ከተቃጠለች በኋላ ኒኮላስ ባርቦን የሚባል ሰው በ1680 ገደማ የእሳት ኢንሹራንስ ሲያቋቁም፥ በጡብ ከተሠራ ቤት የዓመት ኪራዩን በመቶ ሁለት ተኩል፥ በእንጨት ከተሠራው ግን በመቶ አምስት ያስከፍል ነበር። ቤቱ ጡብ ይሁን እንጨት ለማወቅ አንድ ሰው ሄዶ ማየቱ ግድ ነው። በአሜሪካም፥ ስለ መብረቅ ባደረገው ምርምር የምናውቀው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ በ1752 በፊላዴልፊያ ከተማ የእሳት ኢንሹራንስ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩም ቤቶቹን በመርማሪ እያስጐበኘ ከምን እንደ ተሠሩና እንዴት እንደ ተሠሩ ያስጽፍ ነበር። በ1781 ግን ከደጃፉ ዛፍ የቆመበትን ቤት አልቀበልም አለ፤ ዛፉ እሳት አጥፊዎችን ያግዳል ብሎ ነው። ዛፋቸውን የሚወዱ ባለቤቶች በዚህ ተቈጥተው በ1784 ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፥ ምልክቱንም አረንጓዴ ዛፍ አደረጉት። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁለቱም ወገኖች እውነት ያላቸው መስሎ ታየኝ፤ አንደኛው ለሁሉም ገንዘብ ይጠነቀቃል፥ ሁለተኛውም ለገዛ ቤቱ ጥላ ይከራከራል።

በኛ በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ለኢንሹራንስ ሰጪው እንዲገልጽ ደንግጓል። ይህ ትክክለኛ ነገር ነው። ዳሩ ግን ከኮርኒሱ በላይና ከግድግዳው ውስጥ ያለውን ነገር ስንቱ ባለቤት ያውቀዋል? ሐቀኛ ሰው እንኳ ቢሆን ያላየውን ሊናገር አይችልም። ምርመራ የሚያስፈልገውም ሰውየው ይዋሻል ተብሎ ብቻ ሳይሆን ስለማያውቅም ጭምር ነው። የሰፈር ዕድር መርማሪ አይልክም፤ አባሎቹ በየጊዜው እርስ በርሳቸው ስለሚጠያየቁ የማን ጣራ እንደሚያፈስ ያውቃሉ። የኢንሹራንስ ኩባንያ ግን ከማያውቀው ሰው ጋር ስለሚዋዋል የሌላ ሰው ዐይን መዋስ አለበት።

አሁን ወደ ፍሎሪዳ እንሂድ። በ1992 በነሐሴ ወር አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ከማያሚ በስተደቡብ ያለውን አገር መታው። ከ25,000 የሚበልጡ ቤቶች ፈጽመው ጠፉ፤ ወደ 100,000 የሚሆኑትም ተጐዱ። የሚከፈለው ካሣ ከመብዛቱ የተነሣ አሥራ አንድ ያህል የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከሰሩ። ከዚያ በኋላ ዐዋቂዎች ፍርስራሹን ሲመረምሩ ጥፋቱ የነፋሱ ብቻ እንዳልሆነ አስተዋሉ። በብዙ ቤቶች ላይ የጣራው ኮምፔንሳቶ የተያዘው በቀጭን የሽቦ ምስማር ነበር፤ ከምስማሩም ብዙው ወራጁን ስቶ በባዶው ላይ ተመትቶ ተገኘ። ባለቤቶቹ በዚያ ጣራ ሥር ለዓመታት ሲኖሩ ይህን አላወቁም፤ ኩባንያዎቹም ገንዘቡን ሲቀበሉ አላወቁም። ግዛቲቱ ከዚያ ወዲህ የሕንፃ ሕጓን አጥብቃ፥ በ2002 ለመላው ፍሎሪዳ አንድ ደንብ በሥራ ላይ አዋለች። ከዚያ በፊት የተሠሩት እጅግ ብዙ ቤቶች ግን እንደ ነበሩ ስለ ቀሩ፥ እነርሱን በየአንዳንዳቸው ሄዶ ከማየት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ምርመራው ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው የአራት ነጥብ ምርመራ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውም ቤቱ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ያለፈው እንደ ሆነ ነው። አራቱ ነጥቦች ጣራው፥ የኤሌክትሪኩ መስመር፥ የውኃው ቧንቧ፥ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ናቸው። መርማሪው ቀለሙ ያምራል ወይም ወጥ ቤቱ ይጠባል ብሎ አይጽፍም። የሚጠይቀው ይህ ቤት በምን ሊቃጠል፥ በምንስ ውኃ ሊሞላ ይችላል ብሎ ነው። ማቀዝቀዣውን ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ ቶሎ ያልፈዋል። ከቧንቧው ዘንድ ግን ይቆያል፤ ምክንያቱም ከ1978 እስከ 1995 ድረስ በብዙ ቤት ፖሊቡቲሊን የሚባል ፕላስቲክ ገብቶ ነበርና፥ ይኸውም ውኃን ለማጣራት በሚጨመረው ክሎሪን እየተበላ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ከውጭ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ አንድ ቀን ባለቤቱ በሌለበት ይፈነዳል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ከሁሉ ይልቅ ስለ ደነቀኝ ጥቂት ላብራራው። ከ1965 እስከ 1973 ገደማ የመዳብ ዋጋ ስለ ተወደደ በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ውስጥ የአሉሚኒየም ሽቦ ተዘርግቷል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ ይልቅ ይለጠጣል፥ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በዚህም ሶኬቱና ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የታሰረበት ቡሎን ቀስ በቀስ ይላላል። ደግሞም አየር ሲነካው በላዩ የሚፈጠረው ስስ ልባስ ኤሌክትሪክን ይከለክላል። የላላና የተከለከለ መገናኛ ይግላል፥ የጋለውም በግድግዳው ውስጥ እሳት ያስነሣል። አደጋው ያለው በሽቦው ርዝመት ላይ ሳይሆን በመገናኛው ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የአክስቴ ቤት የተሠራው በ1971 ነበርና መርማሪው የማከፋፈያውን ሣጥን ከፍቶ ሲያይ ነጩን ሽቦ አገኘው፤ ፎቶግራፍ አንሥቶም ጻፈው። ኩባንያውም ይህ ካልተስተካከለ አልዋዋልም አለ። እንደ ዕድል ሆኖ ሽቦውን ሁሉ መንቀል አላስፈለገም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በየመገናኛው አጭር የመዳብ ሽቦ ለዚህ ሥራ በተዘጋጀ ልዩ ማያያዣ እየቀጠለ ቤቱን ሲያዳርስ ሦስት ቀን ፈጀ። አክስቴ ገንዘቡን ተበድረው ከፈሉ።

ሁለተኛው ምርመራ ስለ ነፋስ የሚደረገው ነው። ይህ ግዴታ ሳይሆን ባለቤቱ ለጥቅሙ የሚያስደርገው ነው፤ ቤቱ ነፋስን ለመቋቋም ተዘጋጅቶ ከተገኘ የፍሎሪዳ ሕግ ኩባንያው ዋጋ እንዲቀንስለት ያስገድዳል። መርማሪው በጣራውና በኮርኒሱ መካከል በደረቱ እየተሳበ ገብቶ፥ ኮምፔንሳቶው በምን ያህል ምስማር እንደ ተመታ፥ በምስማርና በምስማር መካከልም ስንት ኢንች እንዳለ ይለካል። ከዚያም ወራጁ ከግድግዳው ጋር የተገናኘበትን ይመለከታል። እዚህ ላይ ፊዚክስ ያስፈልገናል። ነፋስ ጣራን ወደ ታች የሚጫነው ይመስለናል፤ ነገር ግን በጣራው ላይ ፈጥኖ ሲያልፍ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ጣራው ወደ ላይ ይሳባል። መስኮት የተሰበረ እንደ ሆነ ደግሞ ነፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥር ይገፋዋል። በኛም አገር ሰዎች በቆርቆሮ ጣራቸው ላይ ድንጋይ የሚጭኑት ይህን በልምድ ስለሚያውቁት ነው። በሰያፍ የተመታ ምስማር የጣራውን ክብደት ይሸከማል እንጂ ወደ ላይ ሲሳብ አይይዝም። ከግድግዳው እስከ ወራጁ የሚደርስ የብረት ማያያዣ ግን ይይዛል፤ በወራጁ ላይ ተጠምዝዞ የሚታሰረውም ከዚያ ይልቅ ይጸናል። በአክስቴ ቤት ማያያዣው ስለ ተገኘ የኢንሹራንሱ ዋጋ ተቀነሰላቸው፤ ወረቀቱም፥ በቤቱ ላይ ለውጥ ካልተደረገ፥ እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል።

ሰው ቤት ሲገዛ የሚያስደርገው ምርመራ ከዚህ የተለየ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም። የገዢው መርማሪ የሚያየው ለገዢው ነው፤ የሩቢኔቱን ማንጠባጠብና የበሩን መንሻፈፍ ሳይቀር ይነግረዋል። የኢንሹራንሱን ምርመራ ግን ባለቤቱ ከፍሎ ያሠራዋል እንጂ የሚፈርድበት ኩባንያው ነው። እንደ ፈቃዱ ልተወው እንዳይልም ባንክ ያበደረው ከሆነ አይቻለውም፤ ኢንሹራንስ የሌለውን ቤት ባንኩ በራሱ ምርጫ ኢንሹራንስ ያስገባና ዕዳውን በባለቤቱ ላይ ይጽፈዋል። ይህም ብዙ ጊዜ ዋጋው የከበደ ነው፥ የሚጠብቀውም ይበልጡን የባንኩን ብድር ነው። አክስቴ ይህን ሲያስረዱኝ፥ «ልጄ፥ ቤቱ የኔ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ጣራው የኢንሹራንሱ፥ ግድግዳው የባንኩ ኖሯል» ብለው ሳቁ።

ስለ ጣራው ዕድሜ የነበረው ክርክር ከሁሉም የጸና ነበር። አንዳንድ ኩባንያዎች ጣራው ደኅና ሆኖ ሳለ አርጅቷል ብለው ብቻ ውሉን አናድስም ይሉ ነበር። ስለዚህ በ2022 የፍሎሪዳ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት 15 ዓመት ያልሞላውን ጣራ ኩባንያው በዕድሜው ብቻ እምቢ ሊለው አይችልም። 15 ዓመት ከሞላውም ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ የተፈቀደለት መርማሪ ጣራው ገና አምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያገለግላል ካለ፥ ዕድሜው ብቻውን ምክንያት መሆኑ ይቀራል። የአክስቴ ጣራ 17 ዓመቱ ነበር፤ መርማሪው ስድስት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ስለ ጻፈ አዲስ ጣራ ከመግዛት ዳኑ። እንግዲህ ያው ምርመራ በሽቦው ሲፈርድባቸው በጣራው ግን ጠበቃ ሆነላቸው።

በኔ አስተያየት ምርመራው ተገቢ ነው፤ የአንዱ የላላ ሽቦ የሚከፈለው ከሌሎቹ መዋጮ ነውና። ሆኖም የሚጐዳው ሰው ማን እንደ ሆነ መታየት አለበት። ባለጸጋ ሰው ጣራህን ለውጥ ቢሉት ይለውጣል። የባንክ ዕዳቸውን ጨርሰው በአሮጌ ቤት የሚኖሩ ሽማግሌዎች ግን ለማደስ አቅም ሲያጡ፥ አስገዳጅ ባንክም ስለሌላቸው፥ ከነጭራሹ ያለ ኢንሹራንስ ይቀራሉ። ከሁሉ ይልቅ መጠበቅ የሚገባው ደካማ ቤት ከጥበቃው ውጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ግዛቲቱ ይህን በመገንዘብ በ2006 ያቋቋመችውንና ኋላ የተቋረጠውን ዕቅድ በ2022 ገንዘብ መድባ አስነሣችው። በዚህ ዕቅድ ቤቱ በነፃ ይመረመራል፤ የተፈቀደለት ባለቤትም ቤቱን ለማጠናከር አንድ ዶላር ሲያወጣ መንግሥት ሁለት ዶላር ይጨምርለታል፥ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ። የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት በዚሁ ገንዘብ መስኮቶቻቸውን ነፋስ በማይሰብረው መስታወት ለማስለወጥ አመልክተው ነፃው ምርመራ ተደርጎላቸዋል፤ የገንዘቡን ተራ ግን ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ይጠባበቃሉ።