የውኃ ማሞቂያ በርሜል ለምን ይዝጋል?

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በአጠና ተራ በኩል የሚያልፍ ሰው በሽበሽ የተደረደረ የባሕር ዛፍ አጠና ያያል። ከዚሁ ዛፍ የሚገኘው ማገዶ ደግሞ በየግቢው ጥግ በጉልቻ ላይ የተቀመጠውን የብረት በርሜል ያሞቃል፤ ለድግስ፣ ለልብስ አጠባና ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ብዙ ውኃ በዚህ መልክ ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ 200 ሊትር ያህል የሚይዘው በርሜል ሳይታሰብ ይበሳል። ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መጋጠሚያው በዝገት የሳሳ በርሜል በእሳት ላይ እንዳለ ቢቀደድ የፈላ ውኃ በአጠገቡ ባለ ሰው ላይ ይፈሳል። በዚህ ጽሑፍ የዝገቱን ምክንያትና መከላከያውን ባጭሩ እንመለከታለን።

ከውስጥ የሚመጣ ዝገት

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክሲጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ብረቱ ኤሌክትሮኖቹን ለኦክሲጅን ይሰጥና ውኃ አዘል የብረት ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ቀይ ቡናማ ነገር ቀዳዳ የበዛበትና ተሰባሪ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ብረት አይጠብቅም።

መጠኑን እናስላ። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይሟሟል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ መጠኑ ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል። እንግዲህ 200 ሊትር ውኃ 1.4 ግራም ኦክሲጅን ይዞ ይገባል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከብረት ጋር ቢዋሐድ 3 ግራም ያህል ብረት ይበላል። እርግጥ ውኃው ሲሞቅ ከፊሉ ኦክሲጅን ወደ አየር ያመልጣል። ነገር ግን ዝገት በእኩል አይሰራጭም፤ በመጋጠሚያውና ውኃው ከአየር ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ይበረታል። በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ላይ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ለመክፈት ደግሞ ከ1 ግራም ያነሰ ብረት መበላቱ ይበቃል።

ከውጭ የሚመጣ ዝገት

1 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ሲነድ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ይበዛል። ብረቱ ገና ከ60 ዲግሪ በታች ሳለ ይህ እንፋሎት እንደ ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤን አሲድ፣ ይዞ ይወርዳል። አመዱም በውስጡ ባሉት የፖታሲየም ጨዎች ምክንያት እርጥበት ስቦ ይይዛል። ስለዚህ በክረምት አመድ የተጣበቀበት በርሜል እሳት ባይነድበትም እየዛገ ይቆያል።

መከላከያው

በቀዝቃዛ አገሮች ከቤት ውጭ ተተክለው በእንጨት የሚሠሩ ማሞቂያዎች አንዱን ውኃ ሳይለውጡ ያዘዋውሩታል፤ የሚመለሰውም ውኃ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይጠነቀቃሉ። የእኛ በርሜል ውኃው ስለሚለዋወጥ ሌላ ዘዴ ይሻል፦

1. ማገዶውን በበጋ ፈልጦ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ማድረቅ፤ እሳቱም እንዳይጤስ በደንብ ማንደድ።
2. ከአገልግሎት በኋላ ውኃውን ጨርሶ መድፋት፣ በርሜሉን መወልወልና በደረቅ ቦታ መድፋት። ጥቂት ውኃ የቀረበት በርሜል ከሁሉ የከፋ ነው።
3. አመዱንና ጥላሸቱን በየጊዜው መጥረግ።
4. በርሜሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ ከክዳን በታች ማኖር።
5. መጋጠሚያውን በየጊዜው መፈተሽ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች እንጨምር። ኬሚካል የተያዘበት በርሜል ለውኃ ማሞቂያ አይሁን። በእሳት ላይ ያለ በርሜልም እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ አፉ ፈጽሞ አይዘጋ፤ ቢዘጋ ግፊቱ ሊያፈነዳው ይችላል።

ነገሩን ለማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ ሦስት አዲስ ምስማሮች ይውሰድ። አንዱን በደረቅ ብልቃጥ ከድኖ፣ ሁለተኛውን በቧንቧ ውኃ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘና ከላዩ ዘይት በተደረገበት ውኃ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያኑራቸው። ከሦስቱ የትኛው ፈጥኖ እንደሚዝግና ምክንያቱ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ባነበበው ያስረዳ።