የፈላ ውሃ ሁሉ ይጠጣል?

በማስተማር ልምምድ ሳምንት፣ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ ሰሌዳው ላይ «የፈላ ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹም ገለበጡ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አክስቴ ቆቃ ነው የምትኖረው። እዚያ ውሃው አረንጓዴ ነው። እሱም ከፈላ ይጠጣል?» አለችኝ። «አዎ፣ ማንኛውም ውሃ ከፈላ ይጠጣል» ብዬ ትምህርቱን ቀጠልኩ።

መልሴ ስሕተት ነበር። ባልደረቦቼም ይህንኑ እንዳትደግሙ ብዬ ነው የምጽፈው።

ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው፤ ይኸውም የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የኮሌራ ጀርሞችን። መርዝ ግን ሕይወት የለው፣ በምን ይሞታል? በረጋ ውሃ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም ከሚንሳፈፉት አልጌዎች አንዱ ማይክሮሲስቲስ ይባላል። ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ውሃው ሲፈላ መርዙ እዚያው ይቀራል። እንዲያውም ከፊሉ ውሃ ተንኖ ስለሚሄድ የቀረው ይበረታል።

ይህ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በቶሌዶ ከተማ በገሃድ ታይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት ከ400,000 በላይ ለሚሆን ሕዝብ «የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፣ አታፍሉትም» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ከተማዋ የምትጠጣው ከኢሪ ሐይቅ ነው። የሐይቁ አልጌ ወደ ውሃ መሳቢያው ደርሶ ነበር። የሱቅ ውሃ በጥቂት ሰዓት አለቀ። እገዳው የተነሳው በሦስተኛው ቀን ነው።

የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሐይቁ ዳር የምርምር ጣቢያ አለው። መምህራንና ተማሪዎች በጀልባ እየወጡ ውሃ ይቀዳሉ፣ መርዙን ይለካሉ። የሕክምና ክፍሉ መርዙ የታመመ ጉበትን እንዴት እንደሚጎዳ በአይጦች ላይ አጥንቷል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ መርዙን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎችን ያገኙት እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው! ውሃ ማጣሪያ ላይ እንዲሠሩ ለማድረግም ሞክረዋል።

ዩኒቨርሲቲው ለኛ እንግዳ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አገኙ። በ1990 እ.ኤ.አ. ቶሌዶ ሄደው ሳለ፣ የውሃ መሳቢያ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ ሙሰል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጥረት ለመግደል እንዶድ እዚያ ተሞከረ፤ ሠራም።

ታዲያ አልጌው ለምን በዛ? ዋናው ምክንያት ፎስፎረስ ነው። ዝናብ ማዳበሪያና እበት ከማሳ አጥቦ ወደ ሞሚ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ሐይቁ ያስገባዋል። ኢሪ ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ሁሉ ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ቶሎ ይሞቃል፤ አልጌ ደግሞ ሙቀት ይወዳል።

ቆቃም ማይክሮሲስቲስ አለ። አዋሽ ከእርሻና ከከተማ የሚያመጣው ቆሻሻ እዚያ ግድብ ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ አረንጓዴ የሆነ ውሃ ቢፈላም፣ በነጠላ ቢጠለልም መጠጥ አይሆንም። ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቀድቶ፣ እሱን ማፍላት ነው። ከብትም ከዚያ ባይጠጣ ይሻላል።

ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እዚያው ክፍል እገባለሁ። ደብተራቸው ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አሰርዤ፣ በልጅቷ ጥያቄ እጀምራለሁ።