ወደ ሎንግ ሌክ ከመውጣታችሁ በፊት

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የሐበሻ ሰፈር ረጅም ዘመን የኖሩ አንድ አባት ነሐሴ በመጣ ቁጥር ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ወጥተው ዓሣ ያጠምዳሉ። ከባልንጀራው ጋር ድንኳን ተሸክሞ ወደ ተራራ ሐይቅ ሊወጣ ያሰበ አንድ ወጣት ሊያማክራቸው መጣ። ጨዋታቸው እንዲህ ነበር።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ከቢሾፕ ከተማ በላይ ወዳለው ሎንግ ሌክ ከጓደኛዬ ጋር ልንወጣ ነው። ሁለት ሌሊት እናድራለን። የማጥመጃ ዘንግ ገዝቻለሁ፤ ምን ዓይነት መንጠቆ ይሻላል?

ጋሼ፦ መንጠቆው ይቆየን። ጓደኛህ ተራራ ላይ አድሮ ያውቃል?

ወጣቱ፦ አያውቅም። ግን ጠንካራ ነው፤ ጂም አይቀርም።

ጋሼ፦ ለጉልበቱ ይጠቅመዋል። ከፍታውን ግን በጡንቻ አይችለውም። አየህ፣ ይቺ ከተማችን ባሕር ዳር ናት። በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነድታችሁ ቢሾፕ ስትደርሱ 1,260 ሜትር ላይ ናችሁ። ከዚያ መኪናው እየተጠማዘዘ ሳውዝ ሌክ ያወጣችኋል፤ እግር መንገዱ የሚጀምረው እዚያ ነው፣ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ሎንግ ሌክ ደግሞ 3,280 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ከባሕር ዳር የተነሣ ሰው ማታውን እዚያ ልተኛ ሲል ሰውነቱ ገና አልተዘጋጀም።

ወጣቱ፦ እኛ እኮ የአዲስ አበባ ልጆች ነን፤ ደጋ ነው ያደግነው።

ጋሼ፦ እዚህ አገር ከመጣችሁ ግን ዓመታት አልፈዋል። ሰውነት ደጋን በቀናት ይለምዳል፣ ቆላ ወርዶ ሲቀመጥ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልምዱን ይለቃል። በትውልድ ቦታችሁ አትመኩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከሳውዝ ሌክ በታች 2,500 ሜትር አካባቢ ካሉት የመኪና ካምፖች በአንዱ እደሩ። ውሃ ጠጡ፣ ቀለል ያለ እራት ብሉ፣ ቢራውን ለመመለሻ አቆዩት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ብትነሡ ሐይቁ ሩቅ አይደለም።

ወጣቱ፦ ጓደኛዬ ከፍታው እንዳመመው በምን አውቃለሁ?

ጋሼ፦ ራሱን ያመዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ይህ ከታየበት ከዚያ በላይ አትውጡ፤ ዕረፍት አድርጉና ጠብቁ። ካልተሻለው ውረዱ። ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ንጋትን መጠበቅ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ደግፈህ ታወርደዋለህ። ደግሞ ወንድ ልጅ ለጓደኛው "ራሴን አመመኝ" ማለት ያፍራል። ስለዚህ አንተ ጠይቀው። አንዴ ጠይቀህ አትተው፤ ምሳውን ትቶ እንደሆነ በዓይንህ እይ።

ወጣቱ፦ ሸክሙንስ እንዴት እንካፈል? እኔ ልምድ ስላለኝ አብዛኛውን ልሸከምለት አስቤ ነበር።

ጋሼ፦ ደግ ነህ፣ ግን ልክ አበጅለት። ሰው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይሻላል፤ ሰባ ኪሎ ለሚመዝን አሥራ አራት ኪሎ መሆኑ ነው። ድንኳን አንድ ይበቃችኋል፣ ምድጃም አንድ፤ ሁለታችሁም ሁሉን ይዛችሁ አትምጡ። ጓደኛህ ቦርሳውን ቤት ውስጥ ሞልቶ፣ ተሸክሞ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ይዙርበት። ትከሻውን የሚቆርጠው ማሰሪያ እዚሁ ይታወቅ። መንገድ ላይ ደግሞ እሱ ይቅደም፣ አንተ ተከተል። ልምድ ያለው ከፊት ከሆነ ሳያውቀው ይፈጥናል፤ ከኋላ ያለው ትንፋሹ እያጠረ "ደህና ነኝ" እያለ ይከተላል።

ወጣቱ፦ ስንቁን ከሱቅ የሚሸጠውን፣ በሙቅ ውሃ የሚርሰውን ልንገዛ ነው።

ጋሼ፦ ግዙ፣ አልከለክልም። ግን በሶ እያለ! ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፣ እሳት አይፈልግም፣ አይከብድም፣ በማርና በውሃ ስትበጠብጠው ጉልበት ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ያዙ። ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ስለሚገባ ለጾመኛም ይመቻል። ዓሣውን በጾም ትበላ እንደሆነ ግን የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ እኔ አልፈርድም። ምግቡን ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙናውን ጨምሮ፣ ድብ ሊከፍተው በማይችል ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አስገቡና ከድንኳናችሁ ሠላሳ ሜትር ያህል አርቃችሁ አኑሩት። ድንኳን ውስጥ ቆሎ ይዞ መተኛት ድብ መጥራት ነው። የሐይቁን ውሃ ጥራቱን አይታችሁ እንዳለ አትጠጡ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ ወይም በማጣሪያ አጥሩት።

ወጣቱ፦ አሁንስ ስለ ዓሣው ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ እሺ። ሐይቁ ዳር እንደደረሳችሁ ዘንጉን አትዘርጋ። ተቀመጥና ውሃውን እይ። ጅረት የሚገባበት አፍ ካለ እዚያ ትራውት የሚባለው ዓሣ አለ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ምግብ ይዞለት ስለሚመጣ ፊቱን ወደ ጅረቱ አዙሮ ይጠብቃል። ነፋሱ የሚገፋበትን ዳርም እይ፣ ውሃ ላይ የወደቁት ነፍሳት የሚከማቹት እዚያ ነው። ከዚያ የውሃው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሚለወጥበት መስመር አለ፤ ጥልቁ የሚጀምረው በዚያ ነው፣ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ ዓሣው ወደዚያ ይሸሻል። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ለመብላት ወደ ዳር ይመጣል፤ አንዳንዴ እግርህ ሥር ነው። ጎንበስ በል፣ ጥላህ ውሃው ላይ አይውደቅ። ጓደኛህ ድንጋይ እየወረወረ ከተጫወተ ደግሞ አብራችሁ ተጫወቱ እንጂ በዚያ ሰዓት ዓሣ የለም።

ወጣቱ፦ መንጠቆውስ?

ጋሼ፦ ትንሽ ይሁን፣ የኋላ ሹሉን በጉጠት ጨፍልቀው። የማትበላውን ሳታቆስል ትለቃለህ። የምትለቀውን በደረቅ እጅ አትንካ፣ እጅህን ውሃ ውስጥ ንከርና ያዘው፤ ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ሽፋን ከተላጠ በሽታ ይገባዋል። የማጥመድ ፈቃድ ከአሥራ ስድስት ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ሁለታችሁም አውጡ፣ በአንድ ሰው ፈቃድ ሁለት ሰው አያጠምድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ዓሣ እዚያ ከየት መጣ?

ወጣቱ፦ ከ... እዚያው የተፈጠረ አይደለም?

ጋሼ፦ አይደለም። እነዚህን ጉድጓዶች የቆፈራቸው የበረዶ ግግር ነው። በረዶው ሲቀልጥ ሐይቆች ሆኑ፣ ከሥራቸው ግን ዓሣ ሊዘለው የማይችል ገደልና ፏፏቴ አለ። ስለዚህ በሴራ ኔቫዳ ከ1,800 ሜትር በላይ ያሉት ሐይቆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዓሣ አልነበራቸውም። ያስገባው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ወርቃማውን ትራውት ከመልኪ ጅረት ወደ ኮተንውድ ጅረት ያሻገሩት በቡና ማፍያ ይዘው ነው።

ወጣቱ፦ በጀበና?

ጋሼ፦ በእነሱ ጀበና። ይህ ዓሣ በ1947 የካሊፎርኒያ መለያ ዓሣ ተብሎ ታወጀ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በበቅሎ ጀርባ በወተት ጣሳ፣ ቆይቶም በአውሮፕላን ከላይ እየተረጨ ስንቱ ሐይቅ ዓሣ ገባበት። አንተ በብዛት የምታገኘው ብሩክ ትራውት ከዚህ አህጉር ምሥራቅ የመጣ እንግዳ ነው።

ወጣቱ፦ ምን ጎዳ ታዲያ? ዓሣ መብዛቱ ጥሩ አይደለም?

ጋሼ፦ ለአጥማጁ። እዚያ ተራራ ላይ እግሩ ቢጫ የሆነ እንቁራሪት ነበረ፣ ዳር ዳሩን ሞልቶት። ከእንቁላሉ የሚወጣው ጅራታም እጭ እንቁራሪት ለመሆን ከአንድ ዓመት በላይ፣ አንዳንዴም እስከ አራት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በክረምቱ ቅዝቃዜ እስከ ታች የማይረጋ ጥልቅ ሐይቅ ያስፈልገዋል። ሰው ዓሣ የጨመረው ደግሞ እነዚያኑ ጥልቅ ሐይቆች መርጦ ነው። ትራውቱ እጩን በላው። በላዩ ላይ ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ መጣ። በ2014 እንቁራሪቱ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ገባ። በሴኮያና ኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርኮች ከአንዳንድ ሐይቆች ዓሣውን በመረብ እያወጡ ነው፣ ዓሣው በወጣበትም እንቁራሪቱ ተመልሶ ታይቷል።

ወጣቱ፦ እርስዎ ግን ዓሣ ይወዳሉ። አይከፋዎትም?

ጋሼ፦ አይከፋኝም። ለእኔ መዝናኛ የቀረ ብዙ ሐይቅ አለ፤ ለእንቁራሪቱ ግን መኖሪያው ያ ብቻ ነው። ደግ አደረጉ እላለሁ፣ አጥማጅ ጓደኞቼ ቢቆጡኝም። ለአንተ የምለው፦ ብሩክ ትራውት ካገኘህ ደንቡ እስከፈቀደልህ ያዝና ብላ፣ ሳይከብድህ። ብዙ ስለሚራባ ምግብ ያጥረዋል፣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ አካሉ ቀጭን ሆኖ ታየዋለህ። ሲቀነስ ለቀረውም ይበጃል። የሐይቁን ዓሣ ወደሌላ ሐይቅ ግን በባልዲም በጠርሙስም አታሻግር።

ወጣቱ፦ አበሳሰሉስ?

ጋሼ፦ እሳት ማንደድ በዚያ ከፍታ ክልክል ነው፤ ዛፉ ትንሽ ነው፣ አድጎ ለመተካት ብዙ ዘመን ይፈልጋል። በጋዝ ምድጃችሁ ላይ በጥቂት ዘይት፣ በጨውና በሚጥሚጣ ጥበሱት። አንጀቱን ከውሃውም ከሰፈራችሁም አርቃችሁ ቅበሩት፣ ሽታው ለድቡ ግብዣ እንዳይሆን።

ወጣቱ፦ አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። በማግስቱ ቢሾፕ ፓስ ወደሚባለው የተራራ ማለፊያ ልንወጣ አስበናል፣ ያ 3,600 ሜትር ይበልጣል። እሱ "እንመለስ" ቢል እኔ ግን መቀጠል ብፈልግስ?

ጋሼ፦ ይህን መኪና ውስጥ ሳትገቡ ተነጋገሩበት። ከሁለት አንዱ "እንመለስ" ካለ ሁለታችሁም ትመለሳላችሁ፤ ምክንያቱን አትጠይቀው፣ በመንገድም አትውቀሰው። እሱን አስቀምጠህ ብቻህን አትውጣ። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከማቻል፣ መብረቅ ይወርዳል፤ ከቀትር በፊት ከፓሱ መውረድ አለባችሁ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ሳላችሁ ወስኑ፣ ጫፉ ቢቀርብም ሰዓቱ ከደረሰ ዙሩ። የማደሪያ ፈቃዱን ከኢንዮ ብሔራዊ ደን አስቀድማችሁ አውጡ፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። የምታድሩበትን ቦታና የምትመለሱበትን ቀን ጽፈህ ለእናትህ ስጣት፤ እዚያ ስልክ አይሠራም።

ወጣቱ፦ እናቴማ ገና ሳልነግራት ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ዛሬ ማታ ንገራት። ጓደኛህንም ነገ ወደ እኔ አምጣው፣ ቦርሳውን አሸክመህ።