የሁለተኛ ክፍል ዓመት፤ ወላጆች ከልጃቸው ምን ይጠብቁ?

መስከረም በጠባ ቍጥር በየቤቱ የሚደረገው ዝግጅት ይበልጡን ለአንደኛ ክፍል ጀማሪ ነው። አዲስ ደብተር ይገዛለታል፤ ምክሩም ምርቃቱም ይበዛለታል። ሁለተኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ግን መንገዱን ያውቃል፣ ትምህርት ቤቱንም ለምዷል ተብሎ በዝምታ ይሸኛል። ይሁን እንጂ የልጁ የወደፊት የትምህርት ጉዞ በብዙ መልኩ የሚወሰነው በዚህ ጸጥ ባለ ዓመት ነው። አንደኛ ክፍል ልጁን ከፊደል ጋር ያስተዋውቀዋል፤ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ፊደልን ከመለየት ወደ ማንበብ፣ ከማንበብም ወደ መረዳት ያሻግረዋል። ይህን መሻገሪያ ያላለፈ ልጅ በሚቀጥሉት ክፍሎች ሁሉ የሚቸገረው በአንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ በዓመቱ ውስጥ ምን ሊያውቅ እንደሚገባ፣ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም እንዴት ሊረዱት እንደሚችሉ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. የስምንት ዓመት ልጅ ጠባይ

በአገራችን የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ ሰባት ዓመት በመሆኑ፣ በጊዜው የገባ ልጅ ሁለተኛ ክፍልን የሚማረው በስምንት ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚህ ዕድሜ ቀድመው ወይም ዘግይተው የሚገቡም አሉ። ስለዚህ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆችን እርስ በርሳቸው ከማነጻጸራችን በፊት ዕድሜያቸውን ማሰብ ይገባናል።

በዚህ ዕድሜ የወተት ጥርስ እየወለቀ ቋሚው ጥርስ ይተካል። ልጁ ከቀድሞው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ጸጥ ብሎ መቀመጥና መስማት ይችላል፤ ሆኖም ብዙ ከተቀመጠ ይደክማል፤ መሮጥና መጫወትም ያስፈልገዋል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ሐኪሞች ይመክራሉ። ሌሊት ሳይጠግብ የተነሣ ወይም ቁርስ ሳይቀምስ የወጣ ልጅ በክፍል ውስጥ ሲያንጎላጅ ቢታይ ሰነፍ መባል የለበትም።

በጠባይም በኩል ትልቅ ለውጥ ይታያል። ልጁ ፍትሕን አጥብቆ ይፈልጋል፤ «ለእርሱ ተሰጥቶ ለእኔ ለምን ቀረ?» እያለ ይሟገታል። ቤተ ክርስቲያንም በሕገ ቀኖናዋ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ የማመዛዘን ችሎታ እንዳለው ትቈጥረዋለች። ከማመዛዘን ጋር ግን ሐፍረትም አብሮ ይመጣል። የስምንት ዓመት ልጅ ራሱን ከጓደኞቹ ጋር ማስተያየት ይጀምራል፤ ጓደኛው አቀላጥፎ ሲያነብ እርሱ እንደሚንተባተብ ያውቃል። ከዚህም የተነሣ አለመቻሉን ለመሸሸግ ሲል ሆዴን አመመኝ ሊል፣ ሊያስቸግር ወይም ዝም ሊል ይችላል። ወላጅ ይህን ጠባይ ሲያይ ከቍጣው በፊት ምክንያቱን መመርመር ይጠበቅበታል።

2. ንባብ፤ የዓመቱ ዋና ሥራ

የአማርኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ዋና ዋና ሆሄያት ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ በሰባት ድምፅ ስለሚረባ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩም ቍጥሩ ከዚህ ያልፋል። ልጆች ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ በዜማ ያጠኑታል። ዜማው ለማስታወስ ይረዳል፤ ነገር ግን ያታልላል። «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የሚወጣው ልጅ ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን እያነበበ ሊሆን ይችላል። የቀድሞዎቹ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ማስቈጠራቸው ብልህነት ነበር፤ የለመደው ተራ ሲፈርስበት ፊደሉን በእውነት የለየና ያልለየ ልጅ ወዲያው ይታወቃልና።

ፊደሉን ከለየ በኋላም ልጁ ሁለት መሰናክሎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ሳድስ ነው። «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስት ፊደላት ያሉት ሲሆን ሁሉም ሳድስ ናቸው። ከእነርሱ ግን «ት» እና «ህ» ሲነበቡ አናባቢ ድምፅ ይሰማባቸዋል፤ የቀሩት ግን ከጎናቸው ካለው ፊደል ጋር ይጣበቃሉ። ጀማሪ ልጅ አምስቱንም ለየብቻ እየነጣጠለ ስለሚጠራቸው ቃሉ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው መሰናክል ጠብቆና ላልቶ መነበብ ነው። «የገና በዓል» ስንል «ገና» ይጠብቃል፤ «ገና ልጅ ነው» ስንል ይላላል። «ዋና ከተማ» እና «የውሃ ዋና» እንዲሁ ናቸው። ጽሕፈቱ አንድ ስለሆነ የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ትርጕም ብቻ ነው። እንግዲህ አማርኛን በትክክል ለማንበብ መረዳት ግድ ነው ማለት ነው።

የንባብ ፍጥነትም ትርጕም አለው። አንድን ዐረፍተ ነገር እያንዳንዱን ፊደል እየቈጠረ የሚያነብ ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ስለዚህ በዓመቱ ማብቂያ ከሁለተኛ ክፍል ልጅ የምንጠብቀው ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት ያላየውን አጭር ታሪክ ብዙ ሳይንተባተብ ጮኾ ማንበብ፣ ከዚያም መጽሐፉን አጥፎ ያነበበውን በራሱ ቃል መናገር።

3. ጽሕፈት

በአንደኛ ክፍል ልጁ ከሰሌዳ መገልበጥን ተምሯል። በሁለተኛ ክፍል ግን የሚነገረውን ሰምቶ ወደ መጻፍ፣ ከዚያም የራሱን ሐሳብ በሁለትና ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ወደ መግለጽ መሸጋገር ይኖርበታል። ቃልን ከቃል ማራራቅና በዐረፍተ ነገር መጨረሻ አራት ነጥብ ማኖርም የዚህ ዓመት ልምምድ ነው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» በድምፅ ስለሚመሳሰሉ ልጁ ቢያቀያይራቸው ብዙ ልንገረም አይገባም፤ ይህ አዋቂዎችንም የሚያሳስት ነው። አሳሳቢው ስሕተት «በ» እና «ቡ»ን፣ ወይም «ለ» እና «ሉ»ን ሲለዋውጥ ነው፤ የቃሉ ትርጕም ይለወጣልና።

4. ሒሳብ

በዚህ ዓመት ልጁ በጣት ከመቍጠር ወጥቶ የቍጥርን «ቤት» መረዳት አለበት። በ47 ውስጥ ያለው 4 አራት ሳይሆን አራት አሥሮች መሆኑን ካላስተዋለ የቀረው ሁሉ ጭፍን ይሆንበታል። 47 እና 25 ሲደመር 72 ነው፤ ከአንድ ቤት የተገኘውን አሥር ወደ አሥር ቤት መያዝን ይጠይቃል። በመቀነስ ደግሞ ብዙ ልጆች የሚሠሩት አንድ የታወቀ ስሕተት አለ። ከ52 ላይ 27 ቀንስ ሲባሉ 35 ብለው ይጽፋሉ። ከ2 ላይ 7 መቀነስ ስለማይቻል ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉና። ትክክለኛው መልስ 25 ነው። ወላጅ ይህን ሲያይ «ተሳስተሃል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ አምስት የአሥር ብር ኖቶችና ሁለት ብር አቅርቦ፣ አንዱን አሥር ብር በዝርዝር አስለውጦ ቢያሳየው መበደር ማለት ምን እንደ ሆነ በዐይኑ ያያል።

ማባዛትም የሚጀምረው መደመርን ከመደጋገም ነው። አንድ ሎሚ አምስት ብር ከሆነ አራት ሎሚ ስንት ነው? ገበያ የሚላክ ልጅ ይህን ከደብተሩ ይልቅ በገበያው ፈጥኖ ይማረዋል። ሰዓት ማንበብም እንዲሁ ነው። በአገራችን አቈጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለው በእንግሊዝኛ ትምህርቱ ሰባት ይባላል፤ በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት እንዳለ በቤት ቢነገረው ግራ አይጋባም።

5. የቤት ቋንቋና የትምህርት ቤት ቋንቋ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል፤ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ሆኖም በቤት አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች በየከተማው ብዙ ናቸው። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው እንዳይቸገር ሲሉ የራሳቸውን ቋንቋ በቤት ይተዋሉ። ይህ አስፈላጊ አይደለም። ልጁ ተረቱንና ምክሩን ወላጆቹ አጥርተው በሚያውቁት ቋንቋ ሲሰማ ሐሳቡ ይሰፋል፤ የሰፋ ሐሳብም በማንኛውም ቋንቋ ንባብን ያግዛል።

6. ወደ ሦስተኛ ክፍል መዛወር ብቻውን ምስክር አይደለም

በግንቦትና በሰኔ 2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከመቶ 34 የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ከመቶ 48 የሚሆኑት ደግሞ ከመረዳት ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሱም። በሦስተኛ ክፍልም ከመቶ 20 የሚሆኑት ቃል ማንበብ እንዳቃታቸው ታይቷል። እነዚህ ልጆች ደብተር የያዙና በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት የተላኩ ነበሩ። በ1986ቱ ፖሊሲ ዘመን በታችኞቹ ክፍሎች ያሉ ልጆች በአብዛኛው ሳይወድቁ ይዛወሩ ስለነበር፣ ብዙ ወላጆች ችግሩን ያወቁት ዘግይተው ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን በሥርዓቱ ውስጥ አካቷል። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ንባብ ሳይጸና የተገኘ ዝውውር በላይኛው ክፍል መፈታቱ አይቀርም። ስለሆነም ወላጅ የውጤት ካርዱን ብቻ ሳይሆን የልጁን አንደበት መስማት አለበት።

7. ወላጆች ምን ያድርጉ?

ሀ) በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ልጁ ጮኾ ሲያነብ ያዳምጡ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ይህን ማድረግ ይችላል። ልጁ ይንተባተብ ወይም ያቀላጥፍ እንደ ሆነ ጆሮ ይለየዋል፤ «ታሪኩ ስለ ማን ነው? መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅም ፊደል መቍጠርን አይሻም። ያልተማረች እናት ወይም አያት በትዕግሥት ስታዳምጥ ልጁ ንባብ የተከበረ ነገር መሆኑን ይማራል።

ለ) ገበታውን በተራ አያስቈጥሩት፤ በስንደዶ ወይም በጣት ከመካከል እያመለከቱ ይጠይቁት። መጽሐፉን በቃሉ ይዞት ከሆነ ሥዕሉን ሸፍነው ከገጹ መጨረሻ እንዲጀምር ያድርጉ።

ሐ) የንባብ መጽሐፍ ባይኖር የሱቅ ማስታወቂያ፣ የዕቃ መጠቅለያና የግድግዳ የቀን መቍጠሪያ ሁሉ የሚነበቡ ናቸው።

መ) ሰሌዳ ላይ ያለውን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ፣ መጽሐፉን ወደ ዐይኑ የሚያስጠጋ ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ብዙ ጊዜ ስንፍና የተባለው ነገር የዐይን ወይም የጆሮ ሕመም ሆኖ ይገኛል።

ሠ) መምህሩን ወይም መምህርቷን ለማነጋገር ሰኔን አይጠብቁ። በኅዳር ሄደው «ልጄ ስንተኛ ነው?» ከማለት ይልቅ «ልጄ ያላየውን ጽሑፍ ማንበብ ይችላል ወይ? በቤት ምን ላግዘው?» ብለው ይጠይቁ። በኅዳር የታወቀ ድካም እስከ ሰኔ ሊቃና ይችላል።

ረ) በዱላና በስድብ ማንበብ አይመጣም። «ደንቆሮ» የተባለ ልጅ መጽሐፍ ሲያይ ስድቡን ያስታውሳል፤ ከመጽሐፍም ይሸሻል።

8. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በቁምስናችን የምናስተምረው ልጅ ያው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጸሎቶችን በቃሉ ስለሚመልስ ማንበብ የሚችል ሊመስለን ይችላል። በጉባኤ ፊት ድንገት አስነሥተን ብናስነብበው ግን ልናሳፍረው፣ ከትምህርቱም ልናርቀው እንችላለን። ስለዚህ የሚነበበውን ክፍል ከሳምንት በፊት ሰጥተን በቤቱ ይለማመደው፤ ገና ያልደረሰውን ደግሞ ከሚያነብ ጓደኛው ጋር አንድ ላይ እናስነብበው። ያላነበበ ልጅ እምነቱን መማር የማይችል አለመሆኑን በሥራችን እናሳየው። ልጁ በንባብ እንደ ተቸገረ ስናስተውልም ለወላጆቹ ለብቻቸው በፍቅር እንንገራቸው። ምናልባት ይህን ቀድሞ የሚያይላቸው እኛ ልንሆን እንችላለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ባለፈው ሳምንት ልጃችን ጮኾ ሲያነብ ስንት ቀን አዳመጥነው?
2. ልጁ ፊደልን በዜማ ማወቁንና በእውነት መለየቱን በምን እናረጋግጣለን?
3. በአካባቢያችን ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲረዱ እንዴት ልናበረታታቸው እንችላለን?
4. በቁምስናችን ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ከትምህርተ ክርስቶስ በፊት ወይም በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚያስነብቡበት ሥርዓት ልናዘጋጅ እንችላለን ወይ?