ትሉ የሚታዘዘው ለውኃው ነው

ጠዳ ላይ ጤና የምትማሩ ሁሉ፣ የወባን ነገር ከእጩ ጀምሩ። ክንፍ ያወጣች ትንኝ በየቤቱ ትበተናለች፤ እጯ ግን ከኩሬዋ አትወጣም። ከእናንተ የማይርቀው የደምቢያ ሜዳ የወባን ክፋት ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የአገራችንን ደጋ በመታው ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

እጯ ጠላት አላት፤ ሮማኖመርሚስ የሚባል ክር የመሰለ ድቡልቡል ትል ነው። ከእንቁላሉ እንደተፈለፈለ ወደ ውኃው ገጽ ይዋኛል። የወባ ትንኝ እጭ ደግሞ ለመተንፈስም ለመመገብም ገጹ ላይ ተጋድማ ስለምትውል ቶሎ ያገኛታል። ቆዳዋን በስቶ ይገባል፤ ከሰውነቷ ፈሳሽ እየተመገበ አንድ ሳምንት ያህል ያድጋል፤ ከዚያ ቆዳዋን ቀዶ ይወጣል። እጯ የምትሞተው ያን ጊዜ ነው። ትሉ ወደ ጭቃው ወርዶ፣ ዳግመኛ ሳይበላ፣ ጎልምሶና ተራክቦ እንቁላል ይጥላል። ሰውንም ከብትንም አይነካም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለና። ትሉ በበዛ ቁጥር የሚሻል ይመስላል። በአንዲት እጭ ውስጥ ብዙ ትሎች ሲጨናነቁ ግን ምግቡ አይበቃቸውምና አብዛኞቹ ወንድ ይሆናሉ። እጅግ ከበዙም እጯ ቀድማ ትሞትና ሳያድጉ አብረዋት ያልቃሉ። ሴት ከሌለች እንቁላል የለም፤ ትሉም በኩሬው ዘር ሳይተካ ይቀራል። ገበሬ እፍኙን መጥኖ እንደሚዘራ ሁሉ ይህም ልክ አለው።

ውኃውም ይለያያል። ትሉ ጨዋማና የቆሸሸ ውኃ አይስማማውም፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝም ይደክማል። የአገራችን ዋና ወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ደግሞ ፀሐይ በሚያገኘው ጥቂት ውኃ፣ በከብት ኮቴ ዱካ ሳይቀር ትራባለች። ክረምቱ ወጥቶ የዱካው ውኃ ሲደርቅ ትሉ እጯ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። እኔ ተስፋ የምጥለው በማይደርቀው ረግረግ ላይ ነው። በኤል ሳልቫዶር አፓስቴፔኬ ሐይቅ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው ጥናት እጩ በ94 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በዚያው ዘመን በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ትል ግን እንቁላሉ በጉዞ እየተጎዳ ከሸፈ።

ስለዚህ ትሉን ከማሰባችሁ በፊት በጭልፋ ቀድታችሁ እጩን ቁጠሩ፤ ሙቀቱን በማለዳም በቀትርም ለኩ፤ ውኃው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆይ እንደሆነ ተከታተሉ። ቶሎ የሚደርቀውን ጉድጓድ በአፈር ድፈኑት፤ አጎበሩም ከአልጋው አይውረድ።