የጉበት ሃይዳቲድ ሲስትን ለምታክሚ ወጣት ሐኪም

1. አልትራሳውንዱን በሰው ወረቀት አትመኚ፤ ራስሽ ይዘሽ እዪ። የዓለም ጤና ድርጅት ሲስቱን ከሲኢ1 እስከ ሲኢ5 የከፈለው ማን እንደሚወጋ፣ ማን እንደሚቀደድ፣ ማን እንደሚተው ለመለየት ነው። ሲኢ4 ወይም ሲኢ5 ሆኖ ሰውየውን ካላስቸገረው አትንኪው። ወጣት እጅ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም፤ አውቃለሁ።

2. ከ5 ሴንቲሜትር በታች ላለ ሲኢ1 እና ሲኢ3ኤ አልቤንዳዞል ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ፤ በባዶ ሆድ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ጾመኛ ከሆነ ዘይት የበዛበት ሽሮም ያገለግላል በይው። የጉበትና የደም ምርመራውን በየጊዜው አሠሪ።

3. ከዚያ ከፍ ሲል፣ እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ መርፌ አለ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቱኒዚያ ውስጥ የተጀመረው። በአልትራሳውንድ እየተመራሽ በጉበቱ ሥጋ በኩል አልፈሽ ውጊ፤ ፈሳሹን ምጠጪ፤ 20 ከመቶ የጨው ውሃ ወይም 95 ከመቶ አልኮል ጨምረሽ 15 ደቂቃ ያህል አቆዪና መልሰሽ ምጠጪ። ሰው የሚሳሳተው ከመጨመሩ በፊት ባለችው ደቂቃ ነው። የወጣውን ፈሳሽ በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ፈትሺ፤ የጠራ ቢመስልም ፈትሺ። ሐሞት ካለበት ሲስቱ ከሐሞት ቧንቧ ጋር ተገናኝቷል፤ ጨው ውሃው ወይም አልኮሉ ቧንቧውን አቃጥሎ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጠባሳ ይተዋል። ምንም አትጨምሪ።

4. አድሬናሊኑ ተቀድቶ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውም ከክፍሉ አይውጣ። የሲስቱ ፈሳሽ ሲያመልጥ የሚመጣው አለርጂ ፋታ አይሰጥም። አልቤንዳዞሉ ከመርፌው በፊት ተጀምሮ በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ይቀጥል።

5. ውስጡ በልጅ ሲስቶች ለተሞላው ሲኢ2 እና ሲኢ3ቢ መርፌ አይሆንም። እዚህ ላፓራስኮፒ ይገባል፤ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ። ዙሪያውን በጨው ውሃ በተነከረ ጋዝ ሸፍኚ። የተቀቀለ እንቁላል ነጭ የመሰለውን ሽፋን ከረጢት ውስጥ ከትተሽ አውጪ፤ ከዚያ ካሜራውን ባዶው ጎድጓዳ ውስጥ አስገብተሽ ሐሞት የሚያንጠባጥብ እንዳለ ፈልጊ። ሲስቱ ከጉበቱ ጀርባ ከተወሸቀ ወይም ትልቅ የደም ሥር ከተጠጋ ሆድ ክፈቺ። ሆድ መክፈት ሽንፈት ነው የሚል ካጋጠመሽ፣ ከእሱ ጋር ኦፕራሲዮን ክፍል አትግቢ።

6. ቦረና ወይም ደቡብ ኦሞ ከተመደብሽ፣ ከብት ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ለውሻ ይጣል እንደሆነ ጠይቂ፤ በሽታው የሚዞረው በዚያ መንገድ ነው። ሲስቱ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ታካሚው ለአልትራሳውንድ መመላለስ አለበት። ስልክ ከሌለው የገበያ ቀኑን ጠይቀሽ ቀጠሮውን በዚያው ቀን አድርጊለት።